የልብ ሕመምተኛን እንዴት እናግዝ? ስለ ልብ ማገገሚያ ሕክምና ማወቅ ያለብን



ባለፈው ዓመት ከጀማዓችን እህቶች አንዷ የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ወደ ግቢ ተመለሰች። ዱዓችን ተሰማ ብለን አላህን አመሰገንን። ከዚያ በኋላ የምንችለውን ሁሉ አደረግንላት። ምግቧን ከካፌ እያመጣን ዶርሟ ድረስ አደረስንላት፣ ልብሷን አጠብንላት፣ ክፍል ስትሄድ ባጃጅ ጠራንላት። ከአልጋዋ በተነሳች ቁጥር "አንቺ ዕረፊ እንጂ፤ ምን ጎደለሽ?" አልናት።

ሁለት ወር ሳይሞላ ግን አንድ ፎቅ ለመውጣት ሁለት ጊዜ መቆም ጀመረች። ደነገጥን። ቀዶ ሕክምናው አልተሳካም ብለን ያለቀስንም ነበርን። ለክትትል ስትሄድ ሐኪሙ ልቧን በአልትራሳውንድ አይቶ አዲሱ ቫልቭ በደንብ እየሠራ መሆኑን ነገራት። ቀጥሎ "በቀን ስንት ደቂቃ ትራመጃለሽ?" ሲል ጠየቃት። የምትመልሰው አልነበራትም። የደከመው ልቧ ሳይሆን እግሯ፣ ጀርባዋና ሳንባዋ ነበር። ያደከምናቸውም እኛው ነን፣ ያውም በፍቅር።

ይህን ታሪክ የምናወራው በእሷ ፈቃድ ነው። "ሌላው ሰው እንደ እኔ እንዳይሆን ጻፉት" ብላናለች። ብዙዎቻችን ቤት ደግሞ ግፊት ያለበት አባት፣ ልቧን የሚያማት እናት ወይም "የልብ ነው" ተብሎ የተቀመጠ አጎት አለ። ስለዚህ የጀማዓችን የጤና ክፍል ስለ ልብ ማገገሚያ ሕክምና ያጠናቀረውን እነሆ እናካፍላችሁ። የምንለው ሁሉ የሕመምተኛውን ሐኪም ምክር አይተካም፤ ሐኪሙን ምን ብለን እንደምንጠይቅ ግን ያሳየናል።

የልብ ማገገሚያ ሕክምና ምንድን ነው?

የልብ ማገገሚያ ሕክምና የልብ ሕመም ደርሶበት የታከመ ወይም ለሕመሙ በጣም የተጋለጠ ሰው፣ በባለሙያ ክትትል ሥር ደረጃ በደረጃ ወደ ጤናማ ሕይወት የሚመለስበት ፕሮግራም ነው። ስፖርት ብቻ አይደለም። አምስት ነገሮችን አንድ ላይ ይይዛል፦ የተመጠነ የአካል እንቅስቃሴ፣ የአመጋገብ ማስተካከያ፣ መድኃኒትን በአግባቡ መውሰድ፣ ግፊትን፣ ስኳርንና ኮሌስትሮልን መቆጣጠር፣ እንዲሁም ጭንቀትንና የመንፈስ መረበሽን ማከም።

የሚያስፈልጋቸውም ብዙ ናቸው። የልብ ደም ቧንቧ ድንገት ተዘግቶበት በሕይወት የተረፈ (ሰው "ሃርት አታክ" የሚለው)፣ የተዘጋው ቧንቧ በስቴንት የተከፈተለት፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ቫልቭ የተቀየረለት፣ የልብ ድካም ኖሮበት ሁኔታው የተረጋጋ፤ እነዚህ ሁሉ ከፕሮግራሙ ይጠቀማሉ።

በተደራጀ መልኩ በሚሰጥበት አገር ፕሮግራሙ ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ሆስፒታል ውስጥ ይጀመራል፤ ሕመምተኛው አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ወንበር ላይ፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ጥቂት እርምጃ ይራመዳል። ሁለተኛው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ያህል የሚቆይ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ የተለመደው 36 ክፍለ ጊዜ ነው። በእያንዳንዱ ቀን ግፊቱ ይለካል፣ ሰውነቱን ያሟሙቃል፣ በመራመጃ ማሽን ወይም በብስክሌት ይንቀሳቀሳል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፣ ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት ይማራል። ሦስተኛው ደረጃ የተማረውን ይዞ ዕድሜ ልኩን መቀጠል ነው።

ጥቅሙ በወሬ ብቻ የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ ከ23,000 በላይ የልብ ሕመምተኞችን ያካተቱ 85 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሯል። እንቅስቃሴን መሠረት ያደረገ ማገገሚያ የተከታተሉት ሰዎች ዳግም የልብ ጥቃት የሚደርስባቸውና ሆስፒታል ተመልሰው የሚተኙት ካልተከታተሉት ባነሰ ቁጥር ሆኖ ተገኝቷል። በልብ ሕመም የመሞት አደጋም ይቀንሳል።

"ዝም ብለህ ተኛ" ከየት መጣ?

የልብ ሕመምተኛ መንቀሳቀስ የለበትም የሚለው ሐሳብ የአያቶቻችን ብቻ አይደለም። የሐኪሞችም ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአውሮፓና በአሜሪካ የልብ ጥቃት የደረሰበት ሰው ለሳምንታት ከአልጋ እንዳይወርድ ይታዘዝ ነበር። የተጎዳው የልብ ጡንቻ እስኪሽር ድረስ ትንሽ እንቅስቃሴ ልቡን ይቀደዋል ብለው ይፈሩ ነበር። ብዙዎች ግን የሞቱት በልባቸው ብቻ ሳይሆን፣ ሳይንቀሳቀሱ ሲተኙ እግራቸው ውስጥ በረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ በመዝጋቱም ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ሕመምተኞቻቸውን ቶሎ ከአልጋ አውርደው ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንደሚጠቅም ጻፉ። ዛሬ ቀላል የሚመስለን ይህ ነገር ያኔ ትልቅ ድፍረት ነበር። በ1955 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የልብ ጥቃት ደረሰባቸው። ሐኪማቸው ፖል ደድሊ ኋይት መራመድን አጥብቀው የሚመክሩ ሰው ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ በዓመቱ ለምርጫ ተወዳድረው አሸነፉ። የልብ ሕመም ከያዘ በኋላም ሥራ መሥራት እንደሚቻል ብዙ ሰው ያኔ በዓይኑ አየ።

ተማሪ ለሆንን ለእኛ ይበልጥ የሚገርመው በ1966 በዳላስ ከተማ የተደረገው ጥናት ነው። አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ብቻ እንዲቆዩ ተደረገ። ሲነሱ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ቀንሶ ነበር። እነዚሁ ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ፣ ሃምሳ ዓመት ሲሞላቸው፣ እንደገና ተለኩ። የ30 ዓመት እርጅና ያደረሰባቸው ጉዳት የሦስት ሳምንቱ መተኛት ካደረሰባቸው ያነሰ ነበር! ከዚያ ለስድስት ወር በመራመድ፣ በሶምሶማ ሩጫና በብስክሌት ሲሠለጥኑ ዕድሜ የወሰደባቸውን አቅም መልሰው አገኙት።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ጤነኛ ወጣቶች ናቸው። ደረቷ ተከፍቶ የተሰፋች እህት ሁለት ወር ስትተኛ ምን እንደምትሆን አሁን ይገባናል።

ሰውነት ውስጥ ምን ይለወጣል?

የለንደን የሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ሹፌርና ቲኬት ቆራጭ ነበራቸው። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ቆራጩ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት ቲኬት ቆራጮቹን የልብ ሕመም የሚይዛቸው ከሹፌሮቹ ባነሰ ቁጥር እንደሆነ፣ ሲይዛቸውም ቀለል እንደሚል አሳዩ። አንድ መኪና፣ አንድ መንገድ፣ የተለያየ ልብ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሰውነት አዘውትሮ ሲንቀሳቀስ የእግርና የእጅ ጡንቻዎች ከደሙ ኦክስጅን የመውሰድ ችሎታቸው ይጨምራል። ስለዚህ ልብ ለዚያው ሥራ ያን ያህል መድከም አይጠበቅባትም፤ የምቷ ብዛት ይቀንሳል። የደም ቧንቧዎች የውስጥ ግድግዳ ይለሰልሳል፣ እንደ ፍላጎቱም በደንብ ይሰፋል። ግፊት ይወርዳል፣ ሰውነት ስኳርን የሚጠቀምበት መንገድ ይሻሻላል። በአጭሩ ማገገሚያ ልብን የሚያግዘው በአብዛኛው ከልብ ውጭ ያለውን ሰውነት በማጠንከር ነው። የእህታችንም ችግር እዚያ ላይ ነበር።

እንዴት ይጀመራል?

በአገራችን ለልብ ሕመምተኞች ብቻ ተብሎ የተደራጀ ማገገሚያ ማግኘት ቀላል አይደለም። ደስ የሚለው ግን በቤት ውስጥ በባለሙያ ምክርና በስልክ ክትትል የሚደረግ ማገገሚያ በማዕከል ከሚደረገው ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንደሚሰጥ ጥናቶች ማሳየታቸው ነው። የሚያስፈልገው ማሽን ሳይሆን የሐኪም ፈቃድ፣ ጠፍጣፋ መንገድ፣ ምቹ ጫማና አብሮ የሚሄድ ሰው ነው።

በመጀመሪያ ሐኪሙን ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን አራት ነገር እንጠይቅ፦ መራመድ መጀመር ይቻላል ወይ? ከስንት ደቂቃ ይጀመር? የተከለከለ እንቅስቃሴ አለ ወይ? ምን ምልክት ሲታይ ይቁም?

ከተፈቀደ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚመከረው አጀማመር እንዲህ ነው። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለ5 ደቂቃ በጠፍጣፋ ቦታ መራመድ፤ ሰውነቱ ከቻለው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ መጨመር። በሳምንታት ውስጥ ወደ 30 ደቂቃ መድረስ ይቻላል። የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ቀስ ያሉ ይሁኑ፤ ድንገት መጀመርም ድንገት ማቆምም ጥሩ አይደለም። ምግብ እንደተበላ ወዲያው፣ በቀትር ፀሐይ ወይም በብርድ ባይሆን ይመረጣል።

"ልኩን በምን አውቃለሁ?" የሚል ጥያቄ ይነሳል። ቀላሉ መለኪያ ንግግር ነው። እየተራመድን ከጓደኛችን ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻልን፣ ነሺዳ ለማውጣት ግን ትንፋሽ ካነሰን፣ ልኩ ላይ ነን። ለመናገርም ካቃተን በዝቷል፤ ቀስ እንበል። የልብ ምትን በጣት መቁጠር ሁልጊዜ አያስተማምንም። ምክንያቱም ብዙ የልብ ሕመምተኞች የሚወስዱት የልብ ምትን የሚቀንስ መድኃኒት፣ ሰውየው እየደከመም ቢሆን ምቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል።

ደረቱ ተከፍቶ የታከመ ሰው ሌላ ጥንቃቄ አለው። የደረት አጥንት ለመግጠም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። እስከዚያ ከ5 ኪሎ በላይ ማንሳት አይመከርም። 5 ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን 5 ኪሎ ነው፤ የላፕቶፕና የደብተር ቦርሳችንም ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። መግፋት፣ መጎተት፣ በእጅ ተደግፎ መነሳትም እንዲሁ። ሲያስል ወይም ሲያስነጥስ ትራስ ደረቱ ላይ ማቀፍ ሕመሙን ይቀንስለታል። እንግዲህ ለእህታችን ቦርሳዋን መሸከማችን ትክክል ነበር፤ ስሕተታችን እሷንም መሸከማችን ነው።

በእኛ ዕድሜ የሚይዘው የልብ ሕመም

ብዙ ሰው የልብ ሕመም የሽማግሌ ይመስለዋል። በአገራችን ግን ብዙ ሕፃናትንና ወጣቶችን የሚይዝ አንድ ዓይነት አለ፤ ሪውማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። መነሻው ጉሮሮን የሚያሳምም፣ ሰው "ቶንሲል" የሚለው የባክቴሪያ ሕመም ነው። በወቅቱ ካልታከመ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የራሱን ልብ ይመታል፤ በጊዜ ሂደት ቫልቮቹ ይጠባሉ ወይም መክደን ያቅታቸዋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ከሚያክማቸው መካከል እንዲህ ዓይነት ልጆችና ወጣቶች ብዙ ናቸው።

ይህ ሕመም ያለበት ተማሪ ማገገሚያው ሁለት ተጨማሪ ነገር አለው። አንደኛ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ። ብዙዎች "ተሽሎኛል" ብለው ወይም በፈተና ምክንያት ይዘሉታል። መርፌው የተጎዳውን ቫልቭ ባይመልስም ሌላ ጉዳት እንዳይጨመርበት ይከላከላል፤ ስለዚህ ቀኑን የሚያስታውስ ጓደኛ ትልቅ እርዳታ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። መጠኑ በደም ምርመራ እየታየ ይስተካከላል። ቢያንስ ደም ቫልቩ ላይ ይረጋል፤ ቢበዛ ደም ይፈሳል። ጎመንና ሌሎች አረንጓዴ ቅጠሎች የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳሉ። ይህ ማለት ጎመን ሐራም ሆነ ማለት አይደለም፤ አንድ ሳምንት በየቀኑ በልቶ ሌላ ሳምንት ፈጽሞ መተው ነው ችግሩ። የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ከሱቅ ገዝቶ መዋጥና የባህል መድኃኒት መደባለቅም አደገኛ ነው። ዋርፋሪን የምትወስድ እህት ትዳር ስታስብ፣ ከእርግዝና በፊት ሐኪሟን ማማከር ይኖርባታል፤ መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል። ይህን አስቀድሞ መናገር የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሶላትና ፆም

እህታችንን በጣም ያስጨነቃት ሶላቷ ነበር። ሱጁድ ስትወርድ የሰውነቷ ክብደት በእጆቿ በኩል ደረቷ ላይ ያርፋል፤ ስትነሳም መግፋት አለባት። ስለዚህ እያመማት፣ ለማንም ሳትናገር ትሰግድ ነበር። ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ተቀምጦም ያልቻለ ተኝቶ እንዲሰግድ ዲናችን ያገራውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለሌላው ስንናገር ቀላል ነው፣ ለራስ ሲሆን ግን ይከብዳል። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሰግድን ወጣት በጥርጣሬ የምናይ ከሆነ ገሩን ነገር የምናከብደው እኛ ነን።

የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሱጁድ ወይም ከተቀመጠበት ድንገት ሲነሳ ሊያዞረው ይችላል፤ ቀስ ብሎ ይነሳ። በሱብሒ ብርድ ቀዝቃዛ ውሃ ደረቱን የሚያጨናንቀው ሰው ለብ ባለ ውሃ ውዱእ ያድርግ። መስጂድ በእግር መሄድ ደግሞ ጥሩ የማገገሚያ እንቅስቃሴ ሊሆን ይችላል። ከግቢ እስከ መስጂድ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሁላችንም እናውቃለን፤ ኢቃማ እንዳያመልጥ እየሮጡ ሳይሆን ቀደም ብሎ በመውጣት፣ በተረጋጋ እርምጃ።

ፆምን በተመለከተ፣ ሕመምተኛ እንዲያፈጥርና በሌላ ቀን እንዲያወጣ፣ የማይድን ሕመም ከሆነም ፊድያ እንዲያወጣ ተፈቅዶለታል። ጥያቄው "ማን መፆም ይችላል?" የሚለው ነው፤ ይህ በየሰዉ ይለያያል። በቅርቡ የልብ ጥቃት የደረሰበት፣ በቅርብ ሳምንታት የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ በዕረፍት ላይ ሳለ እንኳ የደረት ሕመም የሚመጣበት ወይም ከባድ የልብ ድካም ያለበት ሰው እንዳይፆም ሐኪሞች ይመክራሉ። ሁኔታው የተረጋጋ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ በመድኃኒት ሰዓት ማስተካከያ መፆም ይችላል።

ስሕተቱ የሚፈጠረው ሰው ራሱ ሲያስተካክል ነው። በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰደውን በኢፍጣር ሰዓት ሦስቱንም አንድ ላይ የሚውጥ አለ። ሽንት የሚያበዛውን መድኃኒት በሱሑር ወስዶ ቀኑን ሙሉ በውሃ ጥም የሚንገላታና የሚያዞረው አለ። ጨርሶ የሚያቆምም አለ። ስለዚህ ሻዕባን ሲገባ፣ ረመዷን ከመምጣቱ ሳምንታት በፊት ሐኪሙ ዘንድ ይኬድ። በረመዷን እንቅስቃሴውን ከኢፍጣር አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ማድረግ ይሻላል። ተራዊሕም ቀላል እንቅስቃሴ አይደለም፤ የደከመው ይቀመጥ። በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ በየቀኑ፣ ጨው የበዛበት ሾርባና ጣፋጭ መጠጥ ለዚህ ሰው ኢፍጣር አይሆኑትም። ተምር፣ ውሃ፣ ከዚያ ቀለል ያለ ምግብ ይበቃዋል።

ስንጠይቀው ምን እንበለው?

የታመመን መጠየቅ በእኛ ላይ ያለ ሐቅ ነው። አጠያየቃችን ግን ልብ የሚያሳርፍ ሊሆንም፣ የሚሰብር ሊሆንም ይችላል። "እገሌም እንዲህ ብሎት ነበር፣ አልተረፈም" የሚል ጠያቂ ያልገጠመው ማን አለ?

ከልብ ጥቃት ከተረፉ ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት ያድርበታል። ይህ የኢማን ማነስ አይደለም፤ የሕመሙ አካል ነው። ጭንቀት የያዘው ሰው መድኃኒቱን ይረሳል፣ ከቤት አይወጣም፣ ሕመሙም ይብስበታል። በየምቱ "ቆመች ወይ?" እያለ ልቡን ሲያዳምጥ የሚያድር አለ። ቤተሰብ ደግሞ "ልቡ እንዳይደነግጥ" እያለ ሁሉንም ነገር ይደብቀዋል፤ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል።

ስለዚህ ስንሄድ ብርቱካን ይዘን ከመቀመጥ ይልቅ "ተነስ፣ እስከ ጥግ ድረስ አብረን እንራመድ" እንበለው። ሐኪም ፈቅዶለት እንደሆነ እንጠይቅ፣ ከዚያ እጁን እንያዝ። መድኃኒቱ አልቆ እንደሆነ፣ የክትትል ቀኑ መቼ እንደሆነ እንጠይቅ። ገንዘብ አንሶት መድኃኒቱን ያቋረጠ ካለ የሰደቃ ሳጥናችን ከዚህ የተሻለ ቦታ የለውም።

ስለ እናቶቻችን አንድ ነገር እንጨምር። በብዙ አገሮች ሴቶች ወደ ልብ ማገገሚያ የሚላኩት ከወንዶች ባነሰ ቁጥር ነው። እኛም ዘንድ አባት ሲታመም ቤቱ በሙሉ ያርፍለታል፤ እናት ስትታመም ግን በሳምንቷ ምድጃው ሥር ትገኛለች። ሥራ እንቅስቃሴ ነው ብለን አንታለል። ጭስ ውስጥ ቆሞ ማማሰልና ከባድ ዕቃ ማንሳት የተመጠነ እንቅስቃሴ አይደለም። የእሷንም 30 ደቂቃ እናስከብርላት።

ገና ላልታመምነው

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 17.9 ሚሊዮን ሰው በልብና በደም ቧንቧ ሕመም ሞቷል፤ ከእነዚህ ሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የማገገሚያው ትምህርት ለጤነኛም ይሠራል።

በግቢያችን ስለማይነገረው እንናገር። ለፈተና ብለው ጫት የሚቅሙ ወንድሞች አሉ። ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ግፊትን ይጨምራል፤ በየመን ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት ጫት መቃምን ከልብ ጥቃት ጋር አያይዞታል። ሌሊት በጫት፣ በሲጋራና በኃይል ሰጪ መጠጥ ሲታለፍ ልብ ላይ የሚያርፈው ድምር ነው። ሺሻም ከሲጋራ አይሻልም። ደስ የሚለው ሲጋራ ያቆመ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ለልብ ሕመም ያለው ተጋላጭነት ከሚያጨሰው በግማሽ መቀነሱ ነው።

ለአዋቂ የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ በቀን 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን ማለት ነው። ግፊታችንን በግቢው ክሊኒክ እንለካ፤ ቤት ስንሄድም አባትና እናታችንን እናስለካ። ግፊት ሳያሳምም ነው የሚጎዳው።

መቼ ይቁም?

በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረትን የመጫን ወይም የማፈን ስሜት፣ ወደ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ራስን መሳት የሚመስል ማዞር ከመጣ ወዲያው ቁሙ፣ ተቀመጡ። ካልተሻለ "ያልፋል" ብሎ መጠበቅ የለም፤ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። እግር እያበጠ ከሄደ ወይም ክብደት በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዙ ከጨመረ ደግሞ ውሃ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል የክትትል ቀን ሳይጠበቅ ሐኪም ይታይ።

በመጨረሻም

እህታችን ከዚያ የሐኪም ቀጠሮ በኋላ ከዶርሟ በር እስከ ዛፉ ድረስ በመራመድ ጀመረች፤ 5 ደቂቃ። የጀማዓው እህቶች ተራ ገብተው በየቀኑ ከአስር ሰላት በኋላ አብረዋት ይሄዱ ነበር። ተራ የገቡት እሷን ለማገዝ ነው፤ አሁን ግን እሷ ናት የምትቀሰቅሳቸው። በዚህ ሴሚስተር ወደ ላይብረሪው ሦስተኛ ፎቅ ሳትቆም ትወጣለች። አንድ ቀን ከኋላዋ እያለከለክን ስንወጣ ዞር ብላ "እናንተ ዕረፉ እንጂ፤ ምን ጎደላችሁ?" አለችን።

መራመድ የሚፈልግ ሕመምተኛ ያለበት ዶርም ወይም ቤት ካለ ለጤና ክፍላችን ንገሩን፤ አብሮ የሚሄድ ሰው አናጣም፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለጤነኞቻችን አፊያውን ይስጥልን። አሚን።